አራሚና አርታዒ፦ የተጠናቀቀ ልቦለድ ሁለተኛ አንባቢውን ሲፈልግ

በአማርኛ ልቦለድ ላይ የተካሄዱ ጥናቶችን ላገላበጠ አንባቢ አንድ ነገር ቶሎ ይታየዋል። ጭብጥ፣ የገጸ ባሕርያት አሳሳል፣ ትልም፣ መቼት፣ የትረካ አንጻር፣ የቋንቋ አጠቃቀም በየተራቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሆነዋል። ደራሲው የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ካሳረፈበት ቀን አንሥቶ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ግን እምብዛም አልተጠናም። ሃያሲው መጽሐፉን ይገዛል፣ ያነባል፣ ያመሰግናል ወይም ይነቅፋል፤ ምስጋናውም ነቀፋውም የሚደርሰው ለደራሲው ብቻ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ረዝሞ ቢያሰለች ተጠያቂው ደራሲው ነው፤ በምዕራፍ ሁለት በግራ እጁ ይጽፍ የነበረ ሰው በምዕራፍ ዐሥር በቀኙ ቢፈርምም ተጠያቂው ደራሲው ነው። እኔም በክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ማንሣት እወዳለሁ፤ ረቂቁን ከደራሲው ሌላ ያነበበው ማን ነበር? አንብቦስ ምን አደረገበት?

ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ልቦለዱን ጽፎ የጨረሰ ወጣት "አርታዒ ፈልጉልኝ" እያለ ወደየትምህርት ክፍላችን ይመጣል። የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ስምና የስልክ ቁጥር ነው። ሰውየው ለዚያ ድርሰት የሚሆን መሆን አለመሆኑን አንጠይቅም፤ ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ቢጠይቀን ወደ ዐይን ሐኪም እንደ መላክ ነው።

ከስሙ እንጀምር። በአማርኛ ለዚህ ሥራ ሁለት ቃላት አሉን፤ አራሚና አርታዒ። በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱን በሌላው ቦታ እንጠቀምባቸዋለን፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። አራሚ "አረመ" ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ገበሬው አረሙን ከሰብሉ መካከል ለይቶ ይነቅላል። አርታዒ ግን ከግእዙ "ረትዐ" የመጣ ነው፤ ቀና፣ ትክክል ሆነ ማለት ሲሆን አርትዖትም ማቅናት ይሆናል። የሚያርም ሰው የማይገባውን ያወጣል። የሚያቀና ሰው ግን ነገሩ ወዴት ሊሄድ እንደ ፈለገ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ መድረሻው ያልታወቀን መንገድ ማቅናት አይቻልምና። ማረምም ቢሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። እንክርዳድ በቡቃያነቱ ስንዴን እንደሚመስል ገበሬ ያውቃል፤ ስንዴን በቅጡ የማያውቅ አራሚ ስንዴውን ነቅሎ እንክርዳዱን ሊተው ይችላል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ፤ እኔው ራሴ ያደረግሁት ነውና።

የአንዱን ድርሰት ሌላው የማቃናቱ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቆጠራ ወጥቶ ብቻውን ያሰናዳውን ቅኔ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ቢጎድል፣ ምሥጢሩ ቢፋለስ፣ ሰሙና ወርቁ ባይገናኙ እዚያው ይቃናለታል። ይህ ምናልባት በአገራችን ከሁሉ የቆየው የአርትዖት ሥርዓት ነው። ይሁንና ወደ ልቦለድ እንዳለ ሊዛወር አይችልም። በቅኔ ቤት ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ መምህሩም ተማሪውም ይህን ያውቃሉ። ልቦለድ ግን ልኩን ራሱ ይዞ የሚመጣ ድርሰት ነው። በዚያ ላይ የቅኔ መምህር ከተማሪው በላይ ነው፤ ያቃናውን ተማሪው አይከራከረውም። ብዙዎቻችን ዛሬም አርታዒን የምናስበው በዚህ መልክ ይመስለኛል፤ እንደ የኔታ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። ከዚያ ወዲህ የኅትመት ሥራ በአገር ውስጥ እየተስፋፋ ሲሄድ ለደራሲው የመጣለት አንባቢ አርታዒ አልነበረም፤ ሳንሱር ነበረ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም ሆነ በደርግ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በመንግሥት መርማሪ እጅ ማለፍ ነበረበት። መርማሪውም ረቂቁን እርሳስ ይዞ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ፣ "ይህ ይውጣ" የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነበረ። ድርጊቱን ከውጭ ላየው ከአርታዒ ሥራ አይለይም። የሚለየው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አርታዒ "ይህ ድርሰት ምን ለመሆን ፈለገ?" ይላል፤ መርማሪው ግን "ይህ ድርሰት ምን ያስከትላል?" ይላል። ለረጅም ጊዜ በአገራችን የደራሲ ረቂቅ በግዴታ የሚነበበው በሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ነበረ።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ይህ ለደራስያን ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን የግዴታው አንባቢ ከወንበሩ ሲነሣ ሌላ አንባቢ አልተቀመጠበትም። ረቂቁ ከደራሲው እጅ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ጸሐፊ፣ ከእርሷም ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ ጀመረ። (የኮምፒውተር ጸሐፊዋን ነገር ራሱን የቻለ ጥናት ቢሠራበት እወዳለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን አካባቢ ባሉት የጽሕፈት ቤቶች ስንት ልቦለድ በእነዚህ ሴቶች ጣት እንዳለፈ፣ ስንቱስ ቃል "ይሄማ እንዲህ መሆን አለበት" በሚል ቅን ልቡና እንደ ተለወጠ የሚያውቅ የለም። ስማቸው ያልተጠራ አርታዒዎቻችን እነርሱ ናቸው።) ሁለተኛም ነገር አለ። የሳንሱር ዘመን ለደራስያኑ አንድ ፍርሃት አወረሳቸው፤ ረቂቃቸው ላይ እርሳስ ያሳረፈ ሰው ሁሉ መርማሪ ይመስላቸዋል። "ይህ ምዕራፍ ቢቀርስ?" ሲባል ፊቱ የማይለዋወጥ ደራሲ ጥቂት ነው።

በመካከሉ አንድ ልዩ ሁኔታ ነበረ፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት። ኩራዝ የመንግሥት አሳታሚ እንደ መሆኑ ከፖለቲካው ነጻ አልነበረም፤ ሆኖም የአርትዖት ክፍል ነበረው፣ በዚያም ስለ ልብወለድ አጻጻፍ መጽሐፍ ያበረከቱት አማረ ማሞ ሠርተዋል። የአርታዒ ሥራ በአገራችን እንደ ሙያ ታይቶ ከታወቀባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ይኸው ነው። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. የወጣው ከዚሁ ድርጅት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ስለ "ኦሮማይ" ሲነሣ ሁልጊዜ ስለዚህ እንነጋገራለን፤ ተገቢም ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ተጨማሪ ነገር ግን ረቂቁና የታተመው ቅጂ ጎን ለጎን ተነጻጽረው ስለ አርትዖቱ የተጻፈ ጥናት አለማየቴ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ኩራዝ ተዳክሞ ሲጠፋ የአርትዖት ልምዱም ተበተነ። ዛሬ "በግል የሚሠራ አርታዒ" የምንለው ሰው የመጣው ከዚህ ብተና ነው፤ ከጋዜጣና ከመጽሔት ዝግጅት ክፍሎች፣ ከትምህርት መሣሪያዎች ዝግጅት፣ ከመምህርነት። በሌላ አገር አርታዒ በግሉ መሥራት የጀመረው ከአሳታሚ ቤት ወጥቶ ነው፤ በእኛ ግን የሚወጣበት ቤት እምብዛም ስለሌለ ነው።

በዓሉን ካነሣን አይቀር ሌላም ነገር አለ። በ1966 ዓ.ም. "የኅሊና ደወል"ን አሳተመ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ይህንኑ ታሪክ እንደገና ሠርቶ "ሀዲስ" ብሎ አወጣው። አንድ ደራሲ በታተመ መጽሐፉ አልረካ ብሎ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መልሶ ሲሠራው ምን ማለት ነው? በዓሉ የመጽሔትና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበረ፤ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ማቃናት የዕለት ሥራው ነበረ። የራሱን ግን ለማቃናት ዘጠኝ ዓመት አስፈለገው። በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ተማሪዎቼን ባስነበብኋቸው ቁጥር የምለው አንድ ነው፤ ጥሩ አርታዒ የሚያሳጥርልን ይህን ዘጠኝ ዓመት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን ግን የዳኛቸው ወርቁ ነገር ይመስለኛል። ዳኛቸው በ1962 ዓ.ም. "አደፍርስ"ን በአማርኛ አሳተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በእንግሊዝኛ የጻፈው "ዘ ሰርቲንዝ ሰን" የተባለው ልቦለዱ በለንደኑ ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ሆኖ ወጣ። አንድ ደራሲ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት የኅትመት ሥርዓት። የሃይነማን ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጀመር አዘጋጅ አማካሪው ቺኑዋ አቼቤ ነበረ፤ የኬንያዊው የንጉጊ የመጀመሪያ መጽሐፍ ለዚያ ተከታታይ የበቃው አቼቤ ረቂቁን አንብቦለት ነው። እያንዳንዱ ረቂቅ በአንባቢዎች ይነበብ፣ አስተያየት ይጻፍበት ነበረ። የተከታታዩ አዘጋጅ የነበረው ጄምስ ከሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን አስተያየቶችና ደብዳቤዎች ታሪክ ተርኮልናል። እንግዲህ ስለ እንግሊዝኛው ልቦለድ ማን ምን እንዳለ መፈለግ ይቻላል። ስለ "አደፍርስ" ግን የምንጠይቀው መዝገብ የለንም።

ሁለቱን መጽሐፎች በተከታታይ ያነበበ ሰው ልዩነቱ ይሰማዋል። እንግሊዝኛው አጭር ነው፤ በሞት አፋፍ ያለ አባት፣ ልጁ ጎይቶም፣ ወደ ዝቋላ የሚደረግ ጉዞ፤ ትረካው ከዚህ ብዙ አይወጣም። "አደፍርስ" ግን ሰፊ ነው፤ በሸዋ ገጠር ሰው አነጋገር፣ በተረቱ፣ በክርክሩ፣ በጨዋታው የተሞላ ነው። አንባቢ ወደ ታሪኩ ከመግባቱ በፊት ወደ አነጋገሩ መግባት አለበት። ይህም ብዙዎችን አስቸገረ፤ መጽሐፉ በወጣበት ዘመን የሚገባውን አቀባበል ያላገኘበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እዚህ ላይ በክፍል ውስጥ ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ "አደፍርስ" ጠንካራ አርታዒ ቢያገኝ ኖሮ የተሻለ መጽሐፍ ይሆን ነበር ወይ?

ቀደም ሲል "አዎን" እል ነበር። ጥቂቱ ቢቀነስ፣ ገጠሬው ቃል ቢቀልል፣ ታሪኩ ቀደም ብሎ ቢጀምር አንባቢው ይበዛ ነበር እል ነበር። ዛሬ ግን ከዚህ ፍርድ ተመልሻለሁ። "አደፍርስ"ን "አደፍርስ" ያደረገው ያ የማይታለፍ አነጋገር ነው። የተማረው ወጣት ከገጠሩ ሰው ጋር የሚጋጨው በሐሳብ ብቻ አይደለም፤ በቃላት ነው። የባላገሩን ቃል ወደ አዲስ አበባ አማርኛ ብናመጣው ግጭቱ ራሱ ይጠፋል። ዳኛቸው በኋላ "የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ"ን ለተማሪዎች የጻፈ ሰው ነው፤ ቀላልና ግልጽ አማርኛ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ባለማወቅ ያበዛው አይደለም። ይህን ልቦለድ ሊያቀና የሚችል ሰው በመጀመሪያ ይህን የሚያውቅ ሰው መሆን ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ፣ ምናልባት፣ ጥቂት ገጽ ሊያስቀንሰው ይችል ነበር። ጥቂት ገጽ የሚበዛበት መሆኑን አሁንም አልክድም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ምሳሌ አለ። ክቡር ሀዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የሚጠብቁትን ፊደላት ከላይ ነጥብ እያደረጉ ለይተዋል። አማርኛ መጥበቅንና መላላትን በጽሕፈት አይለይም፤ "አለ" ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለታችን ይሁን ኖረ ማለታችን ከአገባቡ እንጂ ከፊደሉ አይታወቅም። ሀዲስ ይህን ጉድለት በልቦለዳቸው ሊያሟሉ ፈለጉ። ከእርሳቸው በኋላ የተከተላቸው ልቦለድ ጸሐፊ አላየሁም። በዚያን ጊዜ "ነጥቡ ለፊደል ለቃሚው ችግር ነው፤ አንባቢም አልለመደውም፤ ይቅር" የሚል አርታዒ ቢኖር ኖሮ ስለ ሥራው አመቺነት እውነቱን ይሆን ነበር። የደራሲውን ሐሳብ በተመለከተ ግን ይሳሳት ነበር። በአማርኛ አርትዖት ውስጥ ትንሽ የምትመስል ምልክት ከምታሳስበው በላይ ትሸከማለች።

የውጭውም ዓለም ሁለቱንም ዐይነት አርታዒ አይቷል። አሜሪካዊቷ ሃርፐር ሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበችውን ረቂቅ አርታዒዋ ቴይ ሆሆፍ ተቀብላ፣ ነገር ግን ሌላ መጽሐፍ በውስጡ እንዳለ አይታ፣ ደራሲዋ እንደገና እንድትጽፈው አደረገች፤ ከዓመታት ሥራ በኋላ በ1960 የወጣው ልቦለድ የዘመኑ ታላቅ መጽሐፍ ሆነ። የመጀመሪያው ረቂቅ በ2015 ሲታተም አንባቢ ሁለቱን አነጻጽሮ አርታዒዋ ምን እንዳየች ተገነዘበ። በሌላ በኩል ጎርደን ሊሽ የሬይመንድ ካርቨርን አጫጭር ልቦለዶች ከግማሽ በላይ ቈርጦ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተማቸው። ካርቨር ኅትመቱ እንዲቆም በደብዳቤ ተማጽኖ ነበር፤ አልሆነለትም። መጽሐፉ ዝነኛ አደረገው። ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ያልተቈረጠው ረቂቅ ሲታተም ግን ካርቨር ራሱ የጻፈው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ሊሽ ጎበዝ አልነበረም ማለት አይቻልም። ጎበዝነቱ ግን የማን ነበር?

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት ነገር ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ልቦለድ ጽፎ ጨረሰ። በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር፣ በቀን የሚያስተምር፣ በሌሊት የሚጽፍ ሰው ነው። "መምህር፣ እርስዎ ካላዩት አላሳትመውም" አለኝ። እንዲህ ሲባል ልቡ የማይሞቅ መምህር የለም። ተቀበልሁ፤ ገንዘብም አልወሰድሁም፤ ይህም እንደ በጎነት ታይቶኝ ነበር።

ልቦለዱ ስለ አንዲት የጎጃም እናትና አዲስ አበባ ስለሚኖር ልጇ ነው። ብዙው ክፍል በደብዳቤ የተጻፈ ነው። እናቲቱ ፊደል የተማረችው ከቄስ አጎቷ ነው፤ ደብዳቤዋን በእጇ ትጽፋለች፤ "መጣኽ"፣ "ነገርኽኝ"፣ "አለኹ" እያለች በኽ ትጽፋለች። ልጁ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ስለ ሆነ በህ ይመልሳል። ሁለቱ በአንድ ቋንቋ እየተጻጻፉ በፊደል ይለያያሉ። የቋንቋ ተማሪ እንደሚያውቀው የእናቲቱ አጻጻፍ ስሕተት አይደለም፤ የግእዙን "ነገርከ"ንና "መጻእኩ"ን ካዕና ኩ በኸ ቤት የሚያቆይ፣ ከዛሬው ልማድ የቆየ አጻጻፍ ነው። እኔ ይህን አስተምራለሁ። ሳርም ግን አላሰብሁትም።

ያየሁት አለመመሳሰልን ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ "ነህ"ም "ነኽ"ም አለ፤ "መጥቻለሁ"ም "መጥቻለኹ"ም አለ። ወጥነት ይጎድለዋል አልሁ። ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ ነበረ፤ ፈልገህ ተካ በሚለው ትእዛዝ ኽንና ኹን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ወደ ህና ሁ መለስኋቸው። ደስ ብሎኝ ቡና ጠጣሁ። ከዚያ ሌላ ሥርዓተ ነጥብ አስተካከልሁ፣ ሁለት ምዕራፍ አሳጠርሁ፤ እነዚህ ምናልባት ጠቅመውታል። ለደራሲው መለስሁለት። አመሰገነኝ። መጽሐፉ በአንድ ሺህ ቅጂ ታተመ፤ በምስጋናው ገጽ ላይ የእኔ ስም ከእናቱ ስም ቀጥሎ ነበረ።

ዓመት ካለፈው በኋላ ቀራንዮ ቤቱ ሄጄ ቡና ስንጠጣ የእጅ ጽሑፉን አሳየኝ። የመጨረሻው ምዕራፍ እናቱ ከሞተች በኋላ ልጁ የሚጽፍላት ደብዳቤ ነው፤ የሚቀበለው የለም። በመጽሐፉ ሁሉ በህ ሲጽፍ የኖረው ልጅ በዚያ ደብዳቤ ብቻ በእናቱ ፊደል ይጽፋል። "መጥቻለኹ" ይላል። ልጁ ወደ እናቱ መመለሱን ደራሲው የተናገረው በዚያች አንዲት ሆሄ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም ዐረፍተ ነገር የለም። እኔ ያንን ሁ አድርጌዋለሁ። በታተመው መጽሐፍ ልጁ አልተመለሰም። የመጨረሻው ደብዳቤ ተራ ለቅሶ ሆኖ ቀርቷል፤ ሁለት ጋዜጦች ላይ አስተያየት የጻፉ ሰዎችም "መጨረሻው ይላላል" ብለው ነበር። እኔም ሳነበው በልቤ ይህንኑ ብዬ ነበር።

"ለምን አልነገርኸኝም?" አልሁት።

"መምህር፣ እርስዎ ያረሙትን እኔ እንዴት ብዬ ልመልሰው? የማላውቀው ሕግ ያለ መስሎኝ ነው" አለኝ።

ይህን መልስ ብዙ አስቤበታለሁ። ጥፋቱ የፊደል ብቻ አይደለም። የፊደሉ ጥፋት ከቸልታ የመጣ ነው፤ ትልቁ ጥፋት ግን እኔ ለእርሱ አርታዒ ልሆን የማልችል ሰው መሆኔ ነው። አርታዒና ደራሲ መከራከር አለባቸው። መምህሩን የሚከራከር ተማሪ ግን በእኛ ዘንድ ነውረኛ ነው፤ ተማሪውም ያውቀዋል፣ መምህሩም ያውቀዋል። ያለ ክፍያ መሥራቴም ነገሩን አባሰው፤ በነጻ ለሠራለት ሰው "ይህን አልቀበልም" ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይሉኝታ ባለበት አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ አርታዒ ፈልጉልኝ ብሎ ለሚመጣ ደራሲ መጀመሪያ የምለው ከመምህርህ፣ ከአለቃህ፣ ከክርስትና አባትህ ዘንድ አትሂድ ነው። ወዳጅም ቢሆን ያው ነው፤ ወዳጅ መጽሐፉን ሳይሆን ወዳጅነቱን ያነብባል። ክፈል፤ የምትከፍለውንም በወረቀት አስፍር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ሥራው ተዛብቶ ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥበት የመቃወም መብት ሰጥቶታል፤ ይህ መብት ግን እየተሸማቀቀ ዝም ለሚል ሰው አይጠቅመውም። በውሉ ላይ የመጨረሻው ቃል የደራሲው መሆኑን፣ ለውጡ ሁሉ ምልክት ተደርጎበት እንደሚመለስ፣ ያልታየ ለውጥ እንደማይገባ መጻፍ ይበቃል።

ክፍያው በገጽ መሆኑ የራሱ ጣጣ አለው። በገጽ የሚከፈለው ሰው ገጹ ላይ የሠራው እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ደራሲውም ብዙ ቀይ ባየ ቁጥር ገንዘቡ በከንቱ እንዳልሄደ ይሰማዋል። ከዚህም የተነሣ "ሄደ"ን "ተጓዘ" ብሎ መለወጥ ሥራ መስሎ ይቈጠራል። አንድን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ምንም ሳይነካ፣ "ይህች ሴት በዚህ ቦታ ለምን ዝም አለች?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ምንም ያልሠራ ይመስላል። እኔ የማምነው የኋለኛውን ነው።

አርታዒውን ከመቅጠር በፊት ዐሥር ገጽ ሰጥቶ መፈተን በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ እኛም ጋ ቢለመድ መልካም ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ አይሰጥ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደራሲው ስለ ለፋበት ማንም ያምርለታል። ደራሲው የሚፈራውን ምዕራፍ ይስጥ፤ ሲመለስለትም እርማቱን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ያንብብ። ጥያቄ የሌለበት ጽሑፍ ይዞ የመጣ ሰው አራሚ ነው፤ አራሚም ያስፈልጋል፣ ግን በመጨረሻ ነው የሚያስፈልገው። እንዲሁም ሰውየው ምን እንደሚያነብ ይጠየቅ። አዳም ረታን የማይወድ ሰው፣ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ጎን የሚሄድ ትረካ የሚያናድደው ሰው፣ መጥፎ አርታዒ አይደለም፤ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ጎን ለሚሄድ ልቦለድ ግን አይሆንም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር "ሌቱም አይነጋልኝ" ለብዙ ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ብቻ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የኖረው አርታዒ ስለ ጎደለው ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን በነውርና በድርሰት መካከል ቆሞ "ይህ ይቅር፣ ይህ ግን ካልኖረ መጽሐፉ የለም" የሚል፣ ደራሲውም የሚያምነው አንድ ሰው ቢኖር ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል እንደ ነበር ማሰብ ይቻላል።

ለሃያስያን ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። "መጨረሻው ይላላል" ብለን ከመጻፋችን በፊት የላላው በማን እጅ እንደሆነ ብንጠይቅ አይከፋም። ይህን የምናውቅበት መንገድ ሲኖረን፣ ረቂቆችና በእርሳስ የተሞሉ ገጾች በየደራሲው ሣጥን ከመበስበስ ተርፈው በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጡ፣ የአማርኛ ልቦለድ ታሪክ በሌላ መልክ ሊጻፍ ይችላል።

የተማሪዬ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም እየተዘጋጀ ነው። አርታዒዋን እኔ አልመረጥሁለትም፤ ራሱ ሦስት ሰዎች ጋ የፈራውን ምዕራፍ ልኮ፣ ከሦስቱ አንዷን መረጠ። በመጽሔት ሥራ የቆየች ሴት ናት። የሰጣት የታተመውን ቅጂ ሳይሆን የእጅ ጽሑፉን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንም ሳትነካ መለሰችለት፤ ከላዩ አንዲት ወረቀት ተያይዛ ነበር። ስለ መጨረሻው ደብዳቤ ምንም አላለችም፤ ገብቷታልና። የጠየቀችው ስለ ዐሥራ አንደኛው ደብዳቤ ነው፤ እናቲቱ ሁልጊዜ በኽ ስትጽፍ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ "ነህ" ብላለች፤ ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይ?

አልነበረም። የደራሲው የራሱ ስሕተት ነበረ፤ ከአራት መቶ ገጽ ውስጥ አንዲቷ።